ተራ ቁጥር አሥራ አንድ

ጥቅምት 3

ለተከበሩ የምክር ቤት አባል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰው አገር ኑሮ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ሁለታችንም ደኅና ነን፤ ለሰጠን ቀን ሁሉ አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

እጁ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የአክስትዎ ነው። እኔ የሟች ባለቤታቸው የወንድም ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ሁለቴ አይተውኛል፤ አንዴ በሠርግ፣ አንዴ በለቅሶ። የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ያገናኙን እሳቸው ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። አብሬያቸው መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በሥራ ሰዓት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትርጉም ክፍል እውላለሁ፤ ቤት ስገባ የእትዬ ዓይን እሆናለሁ።

ዓይናቸውን የጋረደው ሞራ እየባሰ ነው። ቀኙ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል፤ ግራው የሰው ቁመና ያያል እንጂ መልክ አይለይም። እኔን የሚያውቁኝ በኮቴዬ ነው። ስልክ ደግሞ አይወዱም። «ሰው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ሲያወራ ይጨንቀኛል» ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን አሉ። የምታደርስልን ጎረቤታችን ሆስተሷ ናት፤ በወር አንዴ ሁለቴ እናንተ ከተማ ታርፋለች።

ይመጣሉ መባሉን ከሰሙ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ግድግዳው እንደገና ተቀባ። ሲጮህ የኖረው የጓዳ በር ዘይት ጠጣ። «ለዲዳው ትራስ ግዢ፤ ከፍ ያለ ትራስ ነው የሚወደው» አሉኝ። እስከ አራት ዓመትዎ አንድ ቃል ስላልተነፈሱ ነው አሉ ዲዳው የተባሉት። «ውሃ ሲጠማው እንኳ በጣቱ ነበር የሚያሳየኝ፤ አሁን የባዕድ ምክር ቤት ቁጭ ብሎ ይሰማዋል» እያሉ ለመንደሩ ሁሉ ይናገራሉ።

ስለ እስረኞች ያደረጉትን ንግግር እኔም አንብቤዋለሁ። ጥሩ ንግግር ነው።

የእትዬ ምርቃት ይህ ነው፦ «እግርህን እንቅፋት አያግኘው፤ አፍህ ከሰው አያጣላህ።»

አክባሪዎ፣
የባለቤታቸው የወንድም ልጅ


ጥቅምት 24

ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ለአክስቴ የምታይበት ዓይን አይድከም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ቆሜ ነው። መጀመሪያ ግን «እርስዎ» የሚለውን ተይልኝ። «የተከበሩ» ሲሉኝ እስከ ዛሬ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አያለሁ። አንተ በይኝ፤ ከከበደሽ ጋሼ ጨምሪበት።

ንግግሬ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሁለት ዓመት በነርስነት ስሠራ ቆይቼ፣ የሠፈሩ ሰው «አንተ የሰው ብሶት ትሰማለህ» ብሎ መረጠኝ። ቢሮዬ የአንሶላ መጋዘን ታክል ነበር ብልሽ አልዋሸሁም። ያን ቀን የተናገርኩት አራት ደቂቃ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው አይሞላም ነበር፤ አንዱ ያንኮራፋል። እዚያ አገራችን እናቶች ስንቅ ቋጥረው ሄደው፣ ልጆቻቸውን ሳያዩ ከእስር ቤት ደጅ እንደሚመለሱ ተናገርኩ። ነርስ ለተረኛ ነርስ እንደሚያስረክበው ነው ያወራሁት፤ የሆነውን በተራ ቃል።

ኅዳር 14፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እንደርሳለን። ሦስት ነን። አንዷ ጡረታ የወጣች ዳኛ ናት። ሁለተኛዋ እዚህ አገር ሕፃን ሳይቀር ዜማዋን የሚያፏጭላት ዘፋኝ ናት። ስልሳ የሆስፒታል አልጋ አሰባስበን ልከናል፤ አልጋዎቹ ሥራ ሲጀምሩ እንድንገኝ ሆስፒታሉ ጋብዞናል። ቪዛው ፓስፖርታችን ላይ ተመትቷል።

አክስቴን ካየሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ድረስ አምጪልኝ። መልኬን ባትለይ ድምፄን ትለያለች። ምን ብዬ ሰላም እንደምላት ከአሁኑ ሳሰላስል እውላለሁ፤ እስካሁን አንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላልኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 15

ለጋሼ፣

በምን ቃል ሰላም እንደምልህ አላውቅም። በሕይወት መኖርህን ብቻ አስታውቀን።

ትናንት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርን። እትዬ አዲስ ጫማ አድርገው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገባችን የሆስፒታሉ ኃላፊ አበባ ይዞ ቆሟል። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ማረፉን ሰሌዳው ላይ አየሁ። ሰው መውጣት ጀመረ። እትዬ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ክንዴን ይጨብጣሉ።

«ይሄ ነው?»

«አይደለም እትዬ።»

«ይሄስ?»

«ሴት ናት እትዬ።»

አምስት ሰዓት ሆነ። ሻንጣ የጠፋበት አንድ ሽማግሌ እያጉረመረመ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ወለል የሚወለውለው ሠራተኛ ብቻ ቀረ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ስልክ ተደወለለት። «እሺ… እሺ ጌታዬ… እኔ አላውቃቸውም» ሲል ሰማሁ። አበባውን አጠገባችን ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሳይሰናበተን ሄደ።

የመረጃ መስኮቱ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። ሠራተኛው ቀና ሳይል «የሚጠብቁት ሰው የለም» አለኝ።

«አውሮፕላኑ ላይ ነበር እኮ» አልኩት።

«መጥቷል። አልገባም።»

ቃል መመዘን እንጀራዬ ነው ጋሼ። እነዚህን ሁለት ቃላት ግን የት ላይ እንደማስቀምጣቸው ጠፋኝ።

እትዬ ስነግራቸው አላመኑም። «እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል። በልጅነቱ የሚሄድ ጋሪ ላይ እንኳ ይተኛ ነበር። ግቡና ቀስቅሱት» አሉ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ንቅንቅ አላሉም። አንድ አውሮፕላን ሲነሳ ግን «ይሄ የሱ ነው» ብለው ብድግ አሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ቤት ገብተን ጫማቸውን ሳወልቅላቸው ተረከዛቸው ተልጦ ደም አርግቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዴም አመመኝ አላሉ።

ምን ሆነህ ነው ጋሼ?

እህትህ


ኅዳር 19

ለእህቴ፣

ደኅና ነኝ። ይህን ለአክስቴ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ።

ተሰልፈን ተራችን ደረሰ። የኢሚግሬሽን መኮንኗ ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፤ ደግማ ጻፈች፤ ሦስተኛ ስትጽፍ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጌታዬ፣ ጥቂት ይታገሡ» አለች። ሦስታችንንም ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ክፍል አስገቡን። ሦስት ወንበርና ኩባያ የሌለው የውሃ ማሽን ነበር። ዘፋኟ መጀመሪያ ታንጎራጉር ነበር፤ በኋላ ተወችው። ዳኛዋ «ምክንያቱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ» ብላ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ምክንያት ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት፤ ሰው ምክንያት ሲነፍጋት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓታት በኋላ መኮንኗ ወረቀት ይዛ መጣች። ርእሱ «ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከሉ የውጭ አገር ታዋቂ ሰዎች» ይላል። ሦስታችንም አለንበት። «የውጭ አገር» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። የአክስቴ ቤት ከዚያ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በራሳችን ቋንቋ «እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አውቃለሁ፤ ንግግርዎ ያስታውቃል። ወረቀቱ ግን የውጭ አገር ሰው ነው የሚለው» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም። ውሃ የምንጠጣበት ኩባያ ከራሷ ጠረጴዛ አመጣችልን።

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በምክር ቤት ተናገረው ተብሎ በስሜ የተጻፈው ይህ ነው፦ «በጊዜ ያልከፈቱት በር ሲሰበር ይከፈታል።» እስር ቤት ለመስበር መዛት ነው አሉ። ሁለቱ ሴቶች ደግሞ የዛቺው ደጋፊዎች ሆኑ።

አላልኩትም። ያልኩት «እነዚያ በሮች ተዘግተው መቆየት የለባቸውም» ነው። እንደዚያ ያለ አነጋገር ቢሆንልኝ ኖሮ ያ ሰውዬ ባላንኮራፋ ነበር። ቃሉ ያምራል፤ የእኔ ግን አይደለም። አንቺ የትርጉም ክፍል ነው የምትሠሪው። ይህን አፌ ውስጥ የከተተው ማን እንደሆነ አጣሪልኝ። ስልኩን ለእንዲህ ያለ ነገር አላምነውም፤ በሆስተሷ እጅ ላኪልኝ።

በዚያው አውሮፕላን መለሱን።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ለጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ደብዳቤህ ደረሰን። እትዬ ደኅና ናቸው፤ የተረከዛቸው ቁስል ድኗል። ምግብ ትንሽ ቀንሰዋል። ትራሱን ከአልጋህ ላይ ላንሳው ብላቸው እምቢ አሉ።

ስላልከኝ ነገር እያጣራሁ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ወረቀት በብዙ እጅ ያልፋል።

እናንተ ጋ በረዶው ጀመረ?

እህትህ


ታኅሣሥ 22

ለእህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎኝ። ባለፈው ስለ አክስቴ ተረከዝ እንኳ ሳታስቀሪ ጽፈሽልኛል። አሁን ስለ በረዶ ትጠይቂኛለሽ። ፈራሽኝ? ወይስ አስፈራሩሽ?

እኔ እችለዋለሁ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው ያሳዘኑኝ። እዚህ ጋዜጣ «በር ሰባሪዎቹ» ብሎ ጽፎባቸዋል። የዘፋኟ ሁለት ዝግጅት ተሰረዘ። ዳኛዋን ገበያ ውስጥ አንድ ሰው አስቁሞ «አንቺ ሕግ ታውቂ አልነበር?» ብሏታል። እኔን የተከተሉኝ አልጋ ለማድረስ ነበር።

ወደ ደጉ ነገር ልለፍ። ድሮ የምሠራበት ሆስፒታል የአክስቴን ዓይን ሊያክም ተስማምቷል። እኔ መግባት ካልቻልኩ እሷ ትምጣ። ብቻዋን እንዳትሆን አንቺ አብረሻት ትመጫለሽ። የሁለታችሁን የጥሪ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ቆንስላው ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። መልክሽን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ አሁን እንተዋወቃለን።

ግን እባክሽ፣ ያጣራሽውን ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ጥር 9

ለጋሼ፣

ሰላምታውን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ይህን ካነበብክ በኋላ ልትቀበለኝ ትፈልግ እንደሆነ አላውቅምና።

ያጣራሁት ነገር የለም። ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። አንድ ከሰዓት በኋላ አለቃችን ወረቀት አምጥቶ «ይህ የውጭ ምክር ቤት ንግግር ነው፤ ለነገ» አለኝ። ስምህን አየሁት። ዘመዴ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። አላልኩም። ሌላ ሰው እንዳይነካው ሳስቼለት ነው። እትዬ ስድስት ዓመት ያወሩልኝ ዲዳው ሲናገር፣ ቃሉን ወደ አገሩ የማስገባው እኔ ልሁን ብዬ ነው።

አነበብኩት። ተራ ነው ጋሼ፤ አንተም ብለኸዋል። እውነት ነው ግን ተራ ነው። በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ነው ያልሞላለት፣ በራሱ ቋንቋ ቢሆን እንዲህ ይል ነበር አልኩ። «ተዘግተው መቆየት የለባቸውም» የሚለው ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀምጬ አሰብኩ። ከዚያ ያ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ። ደስ አለኝ። እንደ ጥንት ተረት ጆሮ ላይ ይቀራል ብዬ ነው የተደሰትኩት። አለቃችን እንኳ አንብቦ «ሰውዬው አፍ አለው» አለ። ያን ቀን ቤት የሄድኩት እየሳቅሁ ነው። አንተ እንድታምር ነው ያደረግሁት። «ሲሰበር» የሚለውን ማን እንዴት እንደሚያነበው አልታየኝም።

አውሮፕላን ማረፊያው የነገሩኝ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም። ደብዳቤህ ሲመጣ ነው። ለእትዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩላቸው ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቋረጥኩ። «ምነው?» አሉኝ። «ጽሑፉ አይነበብም» አልኳቸው። ዓይን ለሌለው ሰው ዋሸሁ።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። በሩን ዘጋና «ወረቀት ሲሄድ እግር አለው፤ ሲመለስ ግን የለውም» አለኝ። የማረሚያ ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። እዚያ መስኮት የለም።

የትርጉሙን ገጽ ግልባጭ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ግርጌው ላይ «ተርጓሚ» ከሚለው ጎን ስሜና ፊርማዬ አለ። የፈለግኸውን አድርግበት።

እንደምን አለህ ጋሼ?

እህትህ


ጥር 28

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለአክስቴም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የምክር ቤቱ መተላለፊያ ላይ ነው። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሁለቴ «ውሃ ላምጣልህ?» አለችኝ፤ የሞት መርዶ የመጣልኝ መስሏታል። ሁለት ቀን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቀን ያን ዓረፍተ ነገር በልቤ ስለው ራሴን አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲያ መቆጣት አቃተኝ።

ለሁለቱ ሴቶች ስል ገጹን ለምክር ቤቱ ኮሚቴ አሳየሁ። ስምሽን ሸፍኑ ብያለሁ፤ እሺ ብለዋል። ጋዜጣው የእኔንና የአንቺን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አተመ፤ ስምሽ የለበትም። ዘፋኟ ደውላ አለቀሰች። ዳኛዋ «ተርጓሚዋን አመስግንልኝ፤ ጥፋቷን በፊርማዋ ያመነች ሰው በአርባ ዓመት ሥራዬ ሦስት አላየሁም» ብላለች።

ጉዳዩን ከዚህ በኋላ ተይው። ሐኪሙ ቀን ቆርጧል፤ መጋቢት 18። ቆንስላው ጠርቷችኋል ብለውኛል። ኮት ይዛችሁ ኑ።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ለተከበሩ የምክር ቤት አባል፣

ጤና ይስጥልኝ።

ጋዜጣዎ የደረሰው ለእርስዎ ብቻ አይደለም። አለቃዬ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ «ይህ ወረቀት ከዚህ ሕንፃ እንዴት ወጣ?» አለኝ። መልሱን ስለሚያውቀው አልጠበቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። ይህ አልገረመኝም፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት።

ትናንት ከእትዬ ጋር ቆንስላው ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው የእትዬን ፓስፖርት በፈገግታ መለሰ፤ ቪዛ አለው። የእኔን ያለ ፈገግታ መለሰ፤ የለውም። ምክንያቱን ብጠይቀው የታተመ ወረቀት ወደ መስታወቱ ገፋልኝ። የምክር ቤትዎ ውሳኔ ነው። «በአባላችን ላይ ለተወሰደው ክልከላ አጸፋ፣ ወደ አገራችን እንዳይገቡ የተከለከሉ ባለሥልጣናት» ይላል። ሚኒስትሮች አሉበት፣ ጄኔራል አለበት። አባሪው ላይ፣ ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ እኔ አለሁ። ስሜ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፏል፤ ከፊርማዬ ነው የገለበጡት።

አንብቤ ጨርሼ ሳቅሁ። ሰውዬው ያበድኩ መሰለው። እኔ ባለሥልጣን። ጠረጴዛ እንኳ የለኝም።

እትዬ «ምን አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ «እኔን ግን አልከለከሉኝም?» አሉ።

«አልከለከሉዎትም።»

«እንግዲያ እሄዳለሁ» አሉ።

ብቻዎን አይችሉም፣ ደረጃውን እንኳ አያዩትም ብላቸው፣ «አንቺ እያየሽ የት ደረስሽ?» አሉኝ። ጎረቤታችን በረራዋን አስተካክላ ልትወስዳቸው ተስማምታለች። መጋቢት 15 ይቀበሏቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ይህ ውሳኔ ሲወጣ እርስዎ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ?

የባለቤታቸው የወንድም ልጅ


የካቲት 29

ለእህቴ፣

ነበርኩ።

የራሴ ጉዳይ ስለሆነ ድምፅ ባልሰጥ ይሻል ነበር። ግን ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ነበር፤ ለእኔ ብለው ነው የተሰበሰቡት። ሰነዱ አርባ ገጽ ነው። የሚኒስትሮቹን ስም አየሁ፤ ይበላቸው አልኩ። አባሪውን ሳልገልጥ እጄን አወጣሁ።

ኮሚቴውን ሄጄ ጮህኩበት። «ከጋዜጣው ሸፍኑ አልክ እንጂ ከሰነዱ ሸፍኑ አላልክም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አንቺ ለእኔ ብለሽ አንድ ቃል አከበድሽ። እኔ በአንቺ ላይ እጄን አነሳሁ። የትኛው እንደሚብስ አትጠይቂኝ። «እርስዎ» በይኝ፤ ይገባኛል።


ሚያዝያ 4

ለእህቴ፣

ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ አልጻፍሽልኝም። አክስቴ በቃል «ደኅና ናት» የሚል ብቻ ነው ያመጣችልኝ። እሱንም በደስታ ተቀብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ የሆነውን ተናገርኩ። ሳላነብ እጄን እንዳወጣሁ፣ ያወጣሁትም በዘመዴ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። የሚያንኮራፋ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ «ዝርዝሩ ከዓመት በኋላ ይታያል» ብሎ አለፈው። ዳኛዋ የአንቺን ይግባኝ በራሷ እጅ እየጻፈች ነው። እስኪሆን ድረስ ሆኗል አልልሽም።

አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

«ልጄ፣ እንደምን አለሽ። የሚጽፈው ዲዳው ነው፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ቃል እንዳይጨምር፣ ቃል እንዳይቀንስ አስምዬዋለሁ።

ዓይኔን ከፈቱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን አፍንጫ ነው፤ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ይሄንን አየሁት። ፀጉሩ አልቋል። የላክሁት ጎረምሳ የት ሄደ ብለው አለቀሰ። ንፍጡን በኮቱ እጅጌ ጠረገ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚሰማው ሰውዬ።

የሁለታችሁንም ወረቀት አነበበልኝ። አንቺ ያልተባለውን ጻፍሽ፤ እሱ የተጻፈውን ሳያይ እጁን አወጣ። ፊደል ባለመቁጠሬ ዕድሜዬን ሙሉ አፍር ነበር። አሁን ተውኩት።

እዚህ አገር በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ለምን መጣሽ አለኝ። ልጄን እንዳይመጣ ስለከለከሉብኝ አልኩት። ጎረቤታችን ስታስረዳው ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። በኋላ ሳስበው ግን ደነገጥኩ። እሱ እዚያ አይገባም፤ አንቺ እዚህ አትገቢም። ከሦስታችን በሁለቱም በር የማልፈው እኔ ብቻ ነኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ?

እሱ እዚሁ ቅሪ ይለኛል። ቤቱ ሞቃት ነው፣ አልጋው ለስላሳ ነው፤ አያስቀይምም። አልቀርም። እሱን አየሁት፤ ጠገብኩት ባልልም አየሁት። ስድስት ዓመት ክንድሽን ይዤ ሄድኩ፣ ከእጅሽ በላሁ፣ መልክሽን ግን አላውቀውም። ዓይኔ ሳይከዳኝ አንቺን ማየት አለብኝ።

ሚያዝያ 20 እመጣለሁ። ለእኔ ብለሽ አትኳኳዪ። እንዳለሽ ልይሽ።»